ደመናውን ያየ ሰው ዕዳ



ዛሬ የማነሳው ጥያቄ የጀመረኝ ከአንድ ነጭ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲው የተሰቀለው እዚሁ ሰባተኛ፣ ከሱቄ ጀርባ ካለች ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ ጊዜውም የ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነበር። የሰቀለው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ራዲዮና ሞባይል በመጠገን ይተዳደራል፤ ልቡን የወሰደው ግን ሥዕልና ፎቶግራፍ ነው። አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት ስንመለስ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ሰማዩ ራሱ ሥዕል ሲሥል ላሳይዎት» ብሎ ደረጃውን አስወጣኝ።

እውነቱን ለመናገር የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር የወጣሁት። ጣሪያው ላይ ሁለት የአልሙኒየም ዘንጎች እንደ ተከፈተ መቀስ ተያይዘው እንጨት ላይ ታስረዋል። የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከእነሱ የወጣው ሽቦ አውራ ጣት ከምታህል መቀበያ ጋር፣ መቀበያዋ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝታለች። ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ በውሰት የመጣ ፕሮጀክተር አቡጀዲው ላይ ብርሃኑን ይጥላል። የሰፈሩ ሕፃናት፣ ሱቅ ዘግተው የወጡ ሠራተኞች፣ ሁለት ሦስት እናቶችና በእህል ንግድ ያረጁ አንድ ሐጂ ተሰብስበናል።

በመጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ እየመታ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቲክ፣ ቲክ የሚል ድምፅ። ከዚያም ሸማኔ መወርወሪያውን ባሻገረ ቁጥር አንድ ማግ እንደሚጨምር ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ምት አንዲት ቀጭን መስመር አቡጀዲው ላይ ትጨመር ጀመር። ሳተላይቷ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለምትጓዝ ምስሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚመጣው። ልጁ ገለበጠው። ጊዜው ማታ ስለሆነ የምናየው የሙቀት ምስል ነበር፤ የሞቀው ምድር ጠቆር፣ ቀዝቃዛው የደመና አናት ነጣ ብሎ ይታያል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲሞላ ቀይ ባሕር፣ የዐረብ ምድር፣ የሶማሌ ጠረፍና ከበላያቸው የተዘረጋው ደመና በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰጥተው አየናቸው። አንዲት እናት «መካ የቱ ጋ ናት?» ብለው ጠየቁ። ልጁ በጣቱ አመለከተ። ጣሪያው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንዱ «ሱብሓነላህ» ሲል ሌላውም ተቀበለው።

ሳተላይቶቹ ኖአ-15፣ ኖአ-18 እና ኖአ-19 የሚባሉ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2005 እና በ2009 ነበር ወደ ህዋ የተላኩት። ከመሬት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከዋልታ ወደ ዋልታ ይዞራሉ፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። በየሄዱበት ከታች ያለውን ምድርና ደመና እያዩ፣ ያዩትን ወዲያውኑ በራዲዮ ሞገድ ይለቁት ነበር። ሞገዱ ቁልፍ አልነበረውም፣ ክፍያም አልነበረውም። የአሠራሩ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲጀመር ዓላማው ትልቅ መሣሪያ የሌለው አገር ሁሉ በቀላል መቀበያ የራሱን ሰማይ እንዲያይ ነበር። እነሆ ከስድሳ ዓመት በኋላ በሁለት ዘንግ አልሙኒየም ሰባተኛ ደረሰ።

ልጁ ሥራውን ከራሱ አላፈለቀውም። ሶፊ ዳየርና ሳሻ ኤንግልማን የተባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ከእንግሊዝ አገር የጀመሩት «ኦፕን-ዌዘር» የሚባል ሥራ አለ፤ «ክፍት የአየር ሁኔታ» እንደ ማለት ነው። በተለያዩ አገሮች ያሉ ሰዎች በእጅ በሚያዝ አንቴና የሳተላይቱን ሞገድ እየተቀበሉ ምስል ያደርጉት ነበር፤ ምስሎቹም ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሕዝብ ይታያሉ። የልጁን ልብ የወሰደው ግን የምስሉ ጥራት አይደለም፣ ጉድለቱ ነው። አቡጀዲው ላይ አልፎ አልፎ ነጫጭ ጭረቶች ይታዩ ነበር። «ይቺ ጭረት ምንድን ናት?» ብለው ሲጠይቁት እየሳቀ «ከታች ያለው የብየዳ ማሽን ነው» አለ። የብየዳው ብልጭታ በራዲዮ ሞገዱ ላይ ገብቶ ነው። እኛ ሰማዩን የምናየው ከመርካቶ ሆነን ስለሆነ፣ በሰማዩ ምስል ላይ መርካቶም አለችበት ማለት ነው። በእኔ እምነት የዚያች ማታ ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር። ማንም ሰው ሰማይን ከየትም ሳይሆን አያይም። ሁሉም ከቆመበት ሆኖ፣ ከጥቅሙና ከጉዳቱ ጋር ሆኖ ነው የሚያየው።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ ሐጂ ወደ ልጁ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ወሎ የቱ ጋ ነው?» አሉት። አሳያቸው። «ደመናው ደርሶበታል?» አሉ። ልጁ እዚያ አካባቢ ነጭ ነገር እንደማይታይ ነገራቸው። ሐጂ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደረጃውን ወረዱ።

ለማን እንደደወሉ አላውቅም። ሰውን በክፉ መጠርጠር ወንጀል ነውና ልጠረጥራቸውም አልፈልግም። ምናልባት ወሎ ላሉ ዘመዶቻቸው ሊሆን ይችላል። የደነገጥኩት ስለ እሳቸው አይደለም። ደረጃውን ሲወርዱ ያየሁት ራሴን ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት እኔም ደመና አይቼ ደረጃ ወርጄ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ዒድ አልፈጥር ባለፈ በሳምንቱ ገደማ፣ ከከሚሴ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ማሽላ በአይሱዙ ጭነው መጡ። የራሳቸውና የዘመዶቻቸው እህል ነበር። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የምናውቃቸው፣ ቤታችን የሚያርፉ፣ ልጄ እያሉ የሚጠሩኝ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ እኔ ከሱቁ ጎን ትንሽ የእህል መጋዘን ነበረችኝ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይማር ስለነበር ሜቴዎሳት የምትባለውን ሳተላይት የደመና ምስል በኮምፒውተሩ ያሳየኝ ነበር። ሜቴዎሳት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ከአፍሪካ ፊት ለፊት የምትቆም፣ ያን ጊዜ በየ15 ደቂቃው ምስል የምትልክ ነበረች። ለብዙ ቀናት ተከታትለናል። ምዕራቡ ነጭ ደመና ተሸክሞ፣ ምሥራቁ ግን ባዶ ሆኖ ይውል ነበር። በልጉ እንደቀረ በራዲዮም ተነግሯል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ኤልኒኖ የሚባለው ሙቀት መነሣቱም ይወራ ነበር።

ሽማግሌው ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እናንተ ከተማ ስላላችሁ ትሰማላችሁ። ክረምቱን እንዴት ነው ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እህሉን ልሽጠው ወይስ የተወሰነውን ልመልሰው እያሉ ሲያመነቱ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። «አላህ ያውቃል» አልኩ።

አባባሉ እውነት ነው። ከዚህ የበለጠ እውነት የለም። ነገር ግን እኔ ያን ማታ ያልኩት እውነቱን ለመመስከር አልነበረም፤ የማውቀውን ለመሸፈን ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቅንቀው «ልክ ነህ፣ እሱ ያውቃል» አሉና እህላቸውን በማግሥቱ ሸጡልኝ። ገዝቼ ቆለፍኩት። ከዚያ በኋላ መንግሥት የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ያላቸው ወገኖች ቁጥር በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 8.2 ሚሊዮን፣ በታህሣሥ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። እኔም እህሌን አወጣሁ፤ አተረፍኩም። ከትርፉ ዘካ ከፈልኩበት፤ ሕሊናዬም ጸጥ ያለ መሰለኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰማይን ማየት ምን ያስከትላል? ያየ ሰው ላላየው ወንድሙ ምን ዕዳ አለበት?

አንዳንድ ወንድሞች ነገሩን ከሥሩ ይቆርጡታል። «ዝናብን የሚያወርደው አላህ ነው፤ የመውረጃውን ጊዜ የሚያውቀውም እሱ ነው። ታዲያ የሳተላይት ምስል እያዩ ስለ ዝናብ ማውራት የገይብን ነገር መነካካት አይሆንም ወይ?» ይላሉ። ቅን ጥያቄ ነው። ሆኖም ሳተላይት የምታደርገውን በትክክል ካየነው መልሱ ሩቅ አይደለም። ሳተላይቷ ነገ የሚሆነውን አታሳይም። አቡጀዲው ላይ የታየን ደመና በዚያች ደቂቃ ሰማይ ላይ የነበረ ደመና ነው። አያቶቻችን ተራራ ላይ ወጥተው በስተምሥራቅ የጠቆረውን ሰማይ አይተው «እህሉን አስገቡ» ሲሉ ገይብ አወቅን አላሉም፤ ዓይናቸውን ነው የተጠቀሙት። ሳተላይትም የራቀ ተራራ ናት። ከዚያ ተነሥተው ባለሙያዎች የሚሰጡት ትንበያም ግምት ነው፤ ይሳሳታል፣ ይስተካከላል። ዝናብ ሲጠፋ የምንሰግደው የኢስቲስቃእ ሰላትም ከዚህ ጋር አይጣላም። የበሽተኛን ትኩሳት የለካ ሐኪም ዱዓን አልከለከለም።

እንዲያውም እኔ የማፍረው ተቃራኒውን ስላደረግሁ ነው። ገይብን አውቃለሁ ብዬ አላጠፋሁም። የታየኝን አላየሁም ብዬ፣ ያንንም በአላህ ስም ሸፍኜ ነው ያጠፋሁት። ስንቶቻችን ነን «አላህ ያውቃል» የምንለው አላህ ያሳወቀንን ላለመናገር ስንል?

ከአቡጀዲው ማታ በኋላ እንቅልፍ ቢያጣኝ ወደ አንድ ዐሊም ሄጄ ነገሩን ገለጽኩላቸው። እኔ የጠበቅሁት ስለ ኢህቲካር፣ ማለትም ምግብን አከማችቶ ውድነት ስለ መጠበቅ እንዲነግሩኝ ነበር። እሱንም አልዘለሉትም። ምግብን ከሕዝቡ ላይ አግዶ ችግር እንዲጸና ማድረግ የተከለከለ መሆኑን፣ ዑለማዎች የሚለያዩት በየትኛው ዕቃና በምን ሁኔታ በሚለው ላይ መሆኑን አስረዱኝ። ቀጥለው ግን ያላሰብኩትን ነገር አነሡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የከተማ ነጋዴዎች ከከተማ ወጥተው፣ ዕቃ ጭኖ የሚመጣውን ቅፍለት ገበያ ሳይደርስ በመንገድ ላይ እንዳይገዙት ከልክለዋል። ለምን? ባለ ዕቃው የገበያውን ዋጋ ገና አላወቀምና። ከተማ ያለው ያውቃል፣ ከሩቅ የመጣው አያውቅም። ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ አለው። «አንተ ከከተማ አልወጣህም» አሉኝ ዐሊሙ። «ነገር ግን ዓይንህ ወጥቷል። ሰውየው ገና ከሚሴ ሳሉ፣ ዓይንህ ከእሳቸው ቀድሞ ሰማያቸውን አይቷል።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሕጉን ትርጉም ለባለቤቶቹ እተዋለሁ፤ እኔ ነጋዴ እንጂ ፈቂህ አይደለሁም። የገባኝ ግን ይህ ነው። ኃጢአቱ ማየቱ አይደለም፣ ብቻ ማየቱ ነው። ዕውቀት በአንድ ወገን ብቻ ሲቆም ሚዛኑን ያጋድላል። ሁላችንም በሚዛን ማጭበርበርን እንጸየፋለን፤ የብረት ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ሳለ የዕውቀት ሚዛኑ ሲያጋድል ግን «ንግድ ነው» እንላለን።

የልጁን አቡጀዲ ከጌጥ በላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እሱ ያደረገው ምንድን ነው? አንድ ሰው በጓዳው በኮምፒውተር ሊያየው የሚችለውን ነገር አውጥቶ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ሐጂም አዩት፣ እንጀራ ሻጭዋም አየችው፣ ተሸካሚውም አየው። እኔ በ2007 ዓ.ም. ለብቻዬ ያየሁትን ሰማይ እሱ ገበያ አወጣው። ሥዕል ለምን ይጠቅማል እያሉ ለሚጠይቁ ሰዎች፣ እኔ ቢያንስ ይህንን ጥቅሙን አይቻለሁ። የሚታየውን ነገር የጋራ ያደርጋል።

አንድ በእህል በረንዳ የሚነግድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ምስሉን እህል በረንዳ ብትሰቅለው ምን ይሆናል? ያን ጊዜ አንድ አንተ ብቻ ነበርክ የቆለፍከው፤ አሁን ሁላችንም እንቆልፋለን። ዋጋው በወር የሚወጣውን በአንድ ቀን ይወጣል» አለኝ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ እኔም ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ልክ ነው፣ ወሬ የተሰማ ዕለት ገበያ ይደነግጣል። ነገር ግን ወዳጄ የዘነጋው ሰው አለ። ምስሉ ለሁሉም ከታየ ከሚሴ ያሉት ሽማግሌም ያዩታል። እህላቸውን አይሸጡም፣ ወይም በሚገባው ዋጋ ይሸጣሉ። የመስጊድ ጀማዓ ያየዋል፤ ለችግረኛ የሚሆን ነገር አስቀድሞ ያዘጋጃል። ቀበሌው ያየዋል፤ በኋላ «አልሰማንም ነበር» ማለት አይችልም። እንዲህም ሆኖ የሚቆልፍ ይቆልፋል። ምስል ሕሊናን አይተካም፤ ሰበብን ግን ያሳጣል። እኔ ያን ጊዜ የነበረኝ ሰበብ ሰውየው እንደማያውቁ ማወቄ ነበር። ሁላችንም አይተን ቢሆን ኖሮ «አላህ ያውቃል» ስል ዓይናቸውን ማየት አልችልም ነበር።

በእርግጥ ሁሉም ማየቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይህች አገር ከማንም በላይ ታውቃለች። የመጀመሪያዋ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ታይሮስ-1 የተላከችው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1960 ነው። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሰማያችን በሳተላይት እየታየ ሳለ ምድራችን ረገፈ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለጋሾችን ሰብስቦ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተሰማ፤ ሰሚዎቹ ግን አልተነሡም። መስከረም ላይ በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ተከበረ። ዓለም የተነሣው ጥቅምት ላይ ከኮረም የተቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። ካሜራውን የያዘው የናይሮቢው ተወላጅ ሙሐመድ አሚን ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሕይወቱ አለፈ።

ከሙሐመድ አሚን ሥራ የምማረው ነገር አለ። ከላይ የታየው የደመና አለመኖር ማንንም አላስነሣም፤ ከታች የታየው የሕፃን ፊት ግን አስነሣ። ደመና ፊት የለውም። የሳተላይት ምስል ሲበዛ ያምራል፤ ስለሚያምርም ያዘናጋል። ጣሪያችን ላይ በወሎ በኩል የታየው ጠቆር ያለ ቦታ እንደ ሥዕል ብንመለከተው የሚያምር ነበር። ለእዚያ ሰፈር ገበሬ ግን ያ ጥቁረት ዘሩ አፈር ውስጥ መድረቁ ነው። እንግዲህ ደመናውን የሚያይ ሰው ሁለተኛ ዕዳ አለበት ማለት ነው። ከምስሉ ሥር ያለውን ፊት ማሰብ።

ከዚያ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ አሜሪካኖች ፊውስ የሚባል የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ። የኖአ ሳተላይቶች መሬቱ ምን ያህል እንደለመለመ የሚለኩትን መረጃ እየተጠቀመ ድርቅ ሲመጣ ያስታውቅ ነበር። እኛም በበኩላችን ታህሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወነጨፍን፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ተተከለ። ዓይን በዓይን ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ነገር ግን ዓይንም ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ጥር ማብቂያ ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ የፊውስ ድረ ገጽ ተዘግቶ ለወራት ቆየ። በዚያው ዓመት ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ደግሞ ሦስቱ ያረጁ የኖአ ሳተላይቶች አንድ በአንድ ከሥራ ተሰናበቱ። የጎረቤቴ ልጅ ነሐሴ ላይ እንደ ልማዱ አቡጀዲውን ሰቅሎ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጠበቀ። ያ የሰዓት ድምፅ አልመጣም። ከፕሮጀክተሩ የወጣው ብርሃን ባዶ ጨርቅ ላይ አረፈ። አሁን በሌላ ዓይነት ሞገድ ምስል የሚልኩትን የሩስያ ሳተላይቶች ለመቀበል እየታገለ ነው፤ ይሳካለት ዘንድ ዱዓ አደርግለታለሁ።

ይህን ሁሉ ካልኩ ዘንድ የራሴን ነገር ሳልጨርስ ብተው ደግሜ መሸፈን ይሆንብኛል። ዐሊሙ፣ «ሰውየውን ፈልግና ንገራቸው፤ ምርጫው የእሳቸው ነው» ብለውኝ ነበር። ፈለግኋቸው። ስልኩን ያነሣው ልጃቸው ነው። አባቱ ወደ አኼራ ከሄዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ የማሽላውን ልዩነትም ለወራሾቻቸው መክፈል እንደምፈልግ ገለጽኩ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ በእርጋታ እንዲህ አለኝ።

«አባቴ በመንገድ ላይ ሰምተውት ነበር። ቤት ገብተው ሲነግሩን እናቴ፣ እሱ ከተማ እየኖረ እንዴት አልነገረህም አለቻቸው። እሳቸው ግን፣ ልጁ ሳይሰማ ቀርቶ ነው፤ ቢሰማማ ይነግረኝ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ አንሥተውት አያውቁም።»

ገንዘቡን ተማክረው ተቀበሉ፤ እንደ ድርሻቸውም ተከፋፈሉት። ገንዘቡ ተከፍሏል። ያ መልካም ጥርጣሬ ግን እስከ አሁን አልተከፈለም፤ የሚከፈልም አይመስለኝም። እኔ በአላህ ስም ሸፍኜ አታለልኋቸው፤ እሳቸው በአላህ ፍራቻ ጥፋቴን ሸፈኑልኝ። ሁለት መሸፈን፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለእኛ ለመርካቶ ነጋዴዎችና ለመስጊድ ጀማዓዎቻችን የምለው አጭር ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑና በየወቅቱ መግለጫ ያወጣል። ይህን መግለጫ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና ገበያችን በሚናገራቸው ቋንቋዎች አትሞ እህል በሚራገፍበት ቦታና በየመስጊዱ በር ላይ መለጠፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከአንድ አቡጀዲ የበለጠ ወጪም የለውም። ከገጠር እህል ይዞ የመጣ ሰው ከመሸጡ በፊት እንዲያነበው፣ ማንበብ ካልቻለ እንዲነበብለት እናድርግ። እኛም ስንጠየቅ የሰማነውን እንናገር። ከተናገርን በኋላ «አላህ ያውቃል» እንበል፤ ያን ጊዜ ቃሉ በቦታው ይውላል።

ወላሁ አዕለም።